የማኅበር መዝገብና የፓርቲ መዝገብ በአንድ ኪስ አይያዙም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አንድ የሠራተኛ ማኅበር አደራጅ በግራ ዘመም ፖለቲካ ውስጥ አለበት በተባለ ቁጥር ሁለት ዓይነት አስተያየት ወደ ጋዜጦች ይጎርፋል። አንዱ ወገን ማኅበር ከፖለቲካ ነፃ ነውና ሰውየው ይውረድ ይላል። ሌላው ደግሞ ሠራተኛና ግራ ፖለቲካ መቼ ተለያይተው ያውቃሉ ብሎ ይሟገታል። ክርክሩ ሁሉ የሚሽከረከረው በአደራጁ እምነት ዙሪያ ነው። ማኅበራት የሚፈርሱበትን ምክንያት ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል፦ የአባላት ዝርዝር በማን እጅ ነው? መዋጮው በስንት ፊርማ ይወጣል? ሥራ ለማቆም የተሰጠው ድምፅ ተቆጥሯል ወይስ በጭብጨባ ታልፏል?

ከሕጉ እንጀምር፤ ብዙ አስተያየት ሰጪዎች ያላነበቡት እሱን ነውና። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26 የሥራ ውል ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆኑ የማይችሉ ነገሮችን ይዘረዝራል። የማኅበር አባል መሆን፣ የሠራተኛ ተወካይ ሆኖ መሥራት ወይም ለመመረጥ መወዳደር፣ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ከሃይማኖት፣ ከፆታና ከዘር ጎን ለጎን ደግሞ የፖለቲካ አመለካከት በግልጽ ተጽፏል። ስለዚህ አደራጁ ማርክሳዊ ነው፣ የግራ ፓርቲ አባል ነው፣ የጥናት ክበብ ይመራል ተብሎ ከሥራ ሊሰናበት አይችልም። አንቀጽ 43 ሲነበብ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠነክራል። ስንብቱ ከእነዚህ ክልክል ምክንያቶች በአንዱ የተፈጸመ ከሆነ አሠሪው ሠራተኛውን ወደ ሥራው የመመለስ ግዴታ አለበት፤ ካሳ ይዤ ልሂድ የማለት ምርጫው የሠራተኛው ነው። ሌላ ዓይነት ሕገወጥ ስንብት ሲሆን ግን ሠራተኛው ልመለስ ብሎ ቢጠይቅም ፍርድ ቤቱ ካሳ ብቻ ሊወስን ይችላል።

ይህ ልዩነት በተግባር ትልቅ ነገር ነው። የተባረሩ አደራጆች ክስ ሲያጽፉ አብዛኛውን ጊዜ «ያለ በቂ ምክንያት ተሰናበትኩ» ብለው ያልፉታል። በዚህ ጊዜ ክሱ ወደ ተራው ሕገወጥ ስንብት ይወርድና ጉዳዩ በካሳ ይዘጋል። ማኅበሩ ግን የሚፈልገው ሰውየው እንዲመለስለት ነው። ስለዚህ ማመልከቻው ስንብቱ ከአንቀጽ 26 የትኛውን ክልከላ እንደጣሰ በስም መጥቀስ አለበት፤ ማስረጃውም ያንኑ የሚያሳይ ይሁን። ከማኅበር ምርጫው በፊት ምንም ማስጠንቀቂያ ያልነበረው ሰው ከምርጫው በኋላ በጥቂት ሳምንታት ሦስት ደብዳቤ ከደረሰው፣ ቀኖቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደቡ፣ ያግደዋል። ሽማግሌ ልከን፣ ቅሬታ አቅርበን፣ ሥራ አስኪያጁ ከጉዞ እስኪመለስ ጠብቀን ሲባል ሦስት ወር ያልፋል። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ክሱ ግን ፋይል ይከፈትለት። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር ፋይል የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።

ጠንቃቃ አሠሪ ግን አደራጁን ለፖለቲካው ብሎ አያባርረውም። ሰበብ ይፈልግለታል። በጣም የተለመደው የቀሪ ደብዳቤ ነው። አዋጁ በ6 ወር ውስጥ ለ5 የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ፣ ወይም 8 ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው ካልታረመ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው እንዲሰናበት ይፈቅዳል። አደራጅ ደግሞ መቅረቱ አይቀርም፤ ወደ ፌዴሬሽኑ ይሄዳል፣ ሥልጠና ይወጣል፣ የታመመ አባል ይጠይቃል። አንቀጽ 82 የማኅበር መሪዎች የሥራ ክርክር ለማቅረብ፣ የኅብረት ስምምነት ለመደራደር፣ በማኅበር ስብሰባና ሥልጠና ለመገኘት ከክፍያ ጋር ፈቃድ እንዲያገኙ ይላል፤ አሰጣጡን ግን ለኅብረት ስምምነት ይተወዋል። የኅብረት ስምምነት ገና ያልተፈረመበት ድርጅት ውስጥ ያለ መሪ ስለዚህ በጣም የተጋለጠ ነው። ፈቃዱን በቃል ጠይቆ «ሂድ» የተባለ ሰው በወሩ መጨረሻ ቀሪ ተብሎ ይጻፍበታል። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፣ የጠሪው አካል ደብዳቤ ይያያዝ፣ ቅጂው ላይ የተቀባይ ፊርማና ቀን ይወሰድ። የግራ ቡድኑ ስብሰባ ደግሞ በአንቀጽ 82 ጥላ ሥር አይገባም። ለፓርቲ ስብሰባ በማኅበር ፈቃድ የወጣ አደራጅ ሰበቡን ለአሠሪው በገዛ እጁ ሰጠው ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሹመት ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። አደራጁ በድንገት ፈረቃ ኃላፊ ወይም የክፍል ሹም ተደርጎ ደመወዙ ሲጨመርለት ጓደኞቹ እንኳን ደስ ያለህ ይሉታል። የሥራ ዝርዝሩ የመቅጠር፣ የማሰናበትና የመቅጣት ሥልጣን የያዘ ከሆነ ግን ከሠራተኛነት ወጥቶ አዋጁ ወደማይጠብቀው ክፍል ተሻግሯል፤ የማኅበር ወንበሩም ያጠያይቃል። ሹመቱን ከመፈረም በፊት መነበብ ያለበት የሥራ ዝርዝሩ ነው፤ ደመወዙ ሁለተኛ ነው።

የሙከራ ጊዜም አለ። በ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ውስጥ ያለ አዲስ ሠራተኛ ያለ ብዙ ጥያቄ ሊሰናበት ይችላል። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ለማደራጀት ብሎ ፋብሪካ የገባ የግራ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሦስተኛው ሳምንት በራሪ ወረቀት ይበትናል፣ በአራተኛው ከበር ውጭ ነው፤ ከእሱ ጋር የታዩት ሰዎችም ስማቸው ተይዟል። ሞያ በልብ ነው የሚለው አባባል የተበጀለት ለዚህ ጊዜ ነው።

ወደ ታሪኩ እንለፍ፤ «ድሮ ግራው ነው ማኅበሩን ያፈረሰው» የሚለው አባባልም፣ «ግራው ነው የሠራው» የሚለውም ግማሽ ግማሽ እውነት ነውና። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ሲቋቋም ግራው ገና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነበር። አገሪቱም በዚያው ዓመት ስለ መደራጀት ነፃነትና ስለ ኅብረት ድርድር የሚደነግጉትን ቁጥር 87 እና 98 ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነቶች አጸደቀች። ማኅበሩን ያቆሙት የወንጂ ስኳር፣ የምድር ባቡርና የሌሎችም ድርጅቶች ሠራተኞች ነበሩ። መሪዎቹ ከምዕራቡ ዓለም የሠራተኛ ማኅበራት ጋር የተወዳጁ ስለነበሩ በኋላ የመጡት የግራ ድርጅቶች ለዘብተኛ እያሉ ይነቅፏቸው ነበር። ሆኖም ከየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ቀን የዘለቀውን፣ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ የጠሩት እነዚሁ ለዘብተኞች ናቸው። ጥያቄያቸው የደመወዝ፣ የጡረታና የመደራጀት መብት ነበር፤ የጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መንግሥትም ተደራድሮ ተስማማ። በመስከረም 1967 ደግሞ ማኅበሩ ሥልጣን ለሕዝብ ይሰጥ ብሎ ወታደሩን ሲቃወም መሪዎቹ በየነ ሰሎሞንና ፍሥሐ ጽዮን ተኪኤ ከባልደረባቸው ጋር ታሰሩ። ለዘብተኛ የተባሉት ሰዎች ወህኒ ወረዱ ማለት ነው። ስም አወጣጥ እዚህ አገር ሁልጊዜ ከሥራው ቀድሞ ይሮጣል።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ኢሕአፓና መኢሶን የተባሉት የግራ ድርጅቶች ሁለቱም ማርክሳዊ ነን፣ ሁለቱም የወዛደሩ ወገን ነን አሉ። ሁለቱም የማኅበሩን ወንበር ፈለጉ። በመስከረም 1968 የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፣ ቀጥሎም አሮጌው ማኅበር ተዘጋ፣ አዋጅ ቁጥር 64/1968 ወጣ። አዲሱ ሕግ ማኅበርን የመንግሥት መመሪያ ማስፈጸሚያ አደረገው። በ1969 የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ሊቀመንበር ቴዎድሮስ በቀለ በዚያው ዓመት በጥይት ተገደሉ። በኅቡዕ ደግሞ ኢሕአፓ የላብ አደሮች ማኅበሩን ኢላማን በየፋብሪካው ዘርግቶ ነበር። በአንድ የሽመና ክፍል ውስጥ ሁለት ማኅበር፣ ሁለት ዝርዝር፣ ሁለት የመዋጮ ሣጥን ማለት ነው። የፋብሪካ አብዮት ጥበቃዎች ሲመጡ የሚፈለገው ነገር በመሣቢያ ውስጥ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው፤ ዝርዝሩ። ለደመወዝ ጭማሪ ብሎ የፈረመ ሰው የፓርቲ አባል ተብሎ ተያዘ። ከግራ ፖለቲካ የተረፈው ቁስል በሠራተኛው ዘንድ እስካሁን የሚያመው እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ ስለ ርዕዮተ ዓለሙ የተከፋ ሠራተኛ ግን ጥቂት ነው።

የሚገርመው፣ ማኅበርን ለማፍረስ ግራ መሆን ግዴታ አልነበረም። በ1985 በወጣው አዲስ አዋጅ መሠረት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ)፣ በዳዊ ኢብራሂም ሊቀመንበርነት የመዋቅር ማስተካከያ ፖሊሲው ሠራተኛ ያፈናቅላል ብሎ ሲቃወም በ1987 ምዝገባው ተሰረዘ፤ በሌላ አመራር እንደገና የቆመው በ1989 ነው። ማኅበር ከፖለቲካ ነፃ ይሁን የሚሉ ጸሐፊዎች ይህን ምዕራፍ ማለፍ ይወዳሉ። ፖሊሲን የሚቃወም ማኅበር ፖለቲከኛ ይባላል፣ ፖሊሲን የሚያጨበጭብለት ደግሞ ከፖለቲካ ነፃ ይባላል። እንዲህ ያለ ሚዛን የገበያ ሚዛን እንኳን አይሆንም።

እንግዲህ በግራ እንቅስቃሴ ውስጥ ያለ አደራጅ ማኅበሩን ሳይጎዳ እንዴት ይሥራ? አራት መቶ ሃያ ሠራተኛ ያለበት፣ በሦስት ፈረቃ የሚሠራ ፋብሪካ እንውሰድ። ማኅበር ለማቋቋም ሕጉ የሚጠይቀው 10 ሠራተኛ ብቻ ነው፤ ከ10 በታች ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች ያሉትም ተሰባስበው ጠቅላላ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ። በ10 ሰው የተመዘገበ ማኅበር ግን በ420 ሰው ፊት ዋጋ የለውም። በየ14 ሰው አንድ ተጠሪ ይፈለግ፤ 30 ተጠሪ ይሆናል፣ በየፈረቃው 10። ተጠሪው የሚመረጠው በንግግር ችሎታው አይደለም። ሰው ችግሩን ወስዶ የሚነግረው ማን ነው የሚለው ይታይ፤ ብዙ ጊዜ የምትገኘው ዝም ያለች፣ እድሜዋ ገፋ ያለ፣ ለሁሉ ብር የምታበድር ሴት ናት። የግራ አደራጆች እዚህ ላይ ይስታሉ፤ ክርክር የሚወድ ወጣት ሲያዩ ልባቸው ይሄዳል።

መሥራች ጉባኤ በአንድ ጊዜ ሦስቱን ፈረቃ አይሰበስብም። በሁለት ዙር ይደረግ፣ በሁለቱም ዙር ተመሳሳይ አጀንዳ ይቅረብ፣ ቃለ ጉባኤው የሁለቱን ዙር ተሳታፊዎች ስምና ፊርማ ይያዝ። ምርጫው በድብቅ ድምፅ ይሁን፤ ቆጣሪዎቹ እጩ ያልሆኑ ሰዎች ይሁኑ፤ የኮሚቴው ቁጥር ጎዶሎ ይሁን። አሠሪው ሠራተኛውን ይህን ሰው ምረጥ፣ ያን አትምረጥ ብሎ ማስገደድ በአዋጁ ተከልክሏል። ፓርቲውም ከጉባኤው በፊት እጩ ደልድሎ መጥቶ «ጓዶች ተስማምተናል» ማለቱ ያው ነው፤ አንቀጽ አልተጻፈለትም እንጂ። የመተዳደሪያ ደንቡ፣ የመሪዎቹ ስምና አድራሻ ከነፊርማቸው፣ የማኅበሩ ስምና ዓርማ ተያይዞ ለመዝጋቢው አካል ሲቀርብ ማመልከቻው በመዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ፣ ቅጂው ላይ ቁጥርና ቀን ይጻፍ። መዝጋቢው በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ ማኅበሩ እንደተመዘገበ ይቆጠራል። ቀን ያልተጻፈበት ቅጂ የያዘ ግን 15ቱን ቀን ከየት ይቆጥራል? «ነገ ተመለሱ» እየተባለ ወር የሚያልፈው በዚህ ነው።

የአባላት ዝርዝር የማኅበሩ ጸሐፊ ኃላፊነት ነው፤ አንድ ዋና መዝገብ፣ አንድ ቅጂ፣ ቁልፍ ያለው ሣጥን። በአደራጁ ስልክ ውስጥ አይቀመጥ፤ በፓርቲው የመልእክት ቡድን ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ። አባሉ የፈረመው ለማኅበር ነው። ያንን ስምና ስልክ ወስዶ ለፖለቲካ ስብሰባ ጥሪ መላክ የአደራ ገንዘብ ከመብላት አይለይም። አደራጁ ፓርቲውን ማስተዋወቅ ከፈለገ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ከግቢ ውጭ፣ በራሱ ስም፣ አንድ በአንድ ሰው ያነጋግር። በዚህ ዘዴ የሚያገኘው ሰው ቁጥሩ ያንሳል፤ የመጣው ግን አውቆ የመጣ ነው።

ገንዘቡን እንመልከት። የመዋጮ ልኩ በማኅበሩ ደንብ የሚወሰን ነው። ለምሳሌ 1 በመቶ ቢሆንና አማካይ ደመወዝ 4,500 ብር ቢሆን፣ አንድ አባል በወር 45 ብር ያዋጣል፤ 420 አባል 18,900 ብር። ከደመወዝ ላይ እንዲቆረጥ እያንዳንዱ ሠራተኛ በጽሑፍ መስማማት አለበት፤ የጅምላ ፊርማ ያለበት አንድ ወረቀት በኋላ «እኔ አልፈረምኩም» የሚል ሰው ሲመጣ ይበጠሳል። ሒሳቡ በማኅበሩ ስም በባንክ ይከፈት፣ ገንዘብ የሚወጣው በሁለት ፊርማ ይሁን፣ ኦዲተሮቹ ለኮሚቴው ሳይሆን ለጠቅላላ ጉባኤው ሪፖርት ያቅርቡ። ከዚህ ገንዘብ ለበራሪ ወረቀት ማተሚያ፣ ለፓርቲ ጽሕፈት ቤት ኪራይ፣ ለታሰረ የፓርቲ ጓድ ስንቅ አንድ ብር አይወጣም። የመጨረሻው ይከብዳል፤ የታሰረውን መርዳት ደግ ሥራ ነው። ከግል ኪስ ይዋጣ። አብዛኛው የማኅበር ገንዘብ የተበላሸው በሌባ እጅ አይመስለንም፤ ደግ ሥራ ነው እየተባለ ያለ ቃለ ጉባኤ በወጣ ገንዘብ ነው። ኦዲት ሲመጣ ደረሰኝ የለም፣ ደረሰኝ ያጣ አደራጅ ደግሞ ሌባ ይባላል፤ ተከትሎም ማኅበሩ ለሁለት ይከፈላል።

ከሁሉ የሚከብደው የሥራ ማቆም ድምፅ ነው። ሕጉ የማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ በተገኙበት ስብሰባ የብዙኃኑ ድጋፍ መኖሩን ይጠይቃል። ከ420 አባል 280 መገኘት አለበት። ከተገኙት 280 ውስጥ 141 ድምፅ ይበቃል ወይስ ጉዳዩ ከሚመለከታቸው ሠራተኞች ሁሉ ግማሽ በላይ ያስፈልጋል የሚለው ክርክር በአሠሪው ጠበቃ መነሳቱ ስለማይቀር፣ ከ210 በላይ ሳይዙ መነሳት ራስን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ድምፁ በካርድ ይሰጥ፣ ካርዱ ይታሸግና ይቀመጥ። ከዚያም ምክንያቱን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ለአሠሪውና ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ከ10 ቀን በፊት ይደርሳል፤ በእነዚህ ቀናት አስታራቂ ካለ መሸሽ የለም። ጉዳዩ ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ወይም ለፍርድ ቤት ቀርቦ ከሆነ 30 ቀን ሳይሞላ፣ ውሳኔም ሳይሰጥ ሥራ ማቆም ሕገወጥ ነው። እንደ መብራት፣ ውኃ፣ ሆስፒታልና አየር ትራንስፖርት ባሉ አገልግሎቶች ደግሞ የሥራ ማቆም በሕጉ አይፈቀድም።

የግራ እንቅስቃሴው እዚህ ላይ ይፈተናል። የአዋጁ የሥራ ማቆም ትርጉም ከሥራ ክርክር ጋር የተሳሰረ ነው፦ ሠራተኞች አሠሪያቸው አንድ የሥራ ሁኔታ እንዲቀበል ወይም የክርክሩ ውጤት ወደ እነሱ እንዲያደላ የሚወስዱት እርምጃ ነው። ለተቃውሞ ሰልፍ አጋርነት፣ ለታሰረ ፖለቲከኛ፣ ለመንግሥት ለውጥ ተብሎ የተጠራ አድማ በዚህ ትርጉም አይሸፈንም፤ የወጣው ሠራተኛም የቀሪ ደብዳቤ ይጠብቀዋል። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴ አቋምም ንጹህ የፖለቲካ አድማ በመደራጀት ነፃነት ጥላ አይጠለልም፤ በመንግሥት የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ፖሊሲ ላይ የሚደረግ ተቃውሞ ግን ይጠለላል። አደራጁ ይህን ልዩነት ለአባላቱ ሳይነግር ድምፅ ካሰጠ፣ 420 ቤተሰብ ባላወቀው ጉዳይ ላይ ቁማር ተጫወተ። በአደራጁ ፓርቲ ውስጥ አድማው ትልቅ ድል ተብሎ ሊወራ ይችላል። እንጀራውን ያጣው ሰው ግን የዚያ ፓርቲ አባል አልነበረም።

በቋንቋም ይሳታል። «ቅራኔ»፣ «ቡርዧ»፣ «ታሪካዊ ግዴታ» የሚሉት ቃላት በጥናት ክበብ ውስጥ ቦታ ይኖራቸዋል። በድርድር ጠረጴዛ ላይ ግን የአሠሪው ጠበቃ በደስታ ይጽፋቸዋል። የኅብረት ድርድር ጥያቄ በጽሑፍ የደረሰው ወገን በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት፤ በዚያ ወረቀት ላይ ያለው ነገር ቁጥር ቢሆን ይሻላል። የሌሊት ፈረቃ ትራንስፖርት ስንት ሰው ይነካል፣ ወጪው በወር ስንት ነው፣ ያለፈው ዓመት አደጋ በየትኛው ማሽን ላይ ደረሰ፣ የማሽኑ መከላከያ ሽፋን ማን ትእዛዝ ስለሰጠ ተነሳ? ጥሩ የግራ አደራጅ ይህን ከማንም በላይ መሥራት ይችላል፤ ቁጥር የመሰብሰብ ልማድ አለውና።

ለግራ አደራጆች ደግሞ የሚገባቸውን ክብር መንፈግ አይገባም። በኤጀንሲ የተቀጠሩ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች፣ በየሦስት ወሩ ውላቸው የሚታደስ ጊዜያዊዎች፣ ወሊድ ፈቃድ ስትጠይቅ ውሏ «ያለቀባት» ሴት — እነዚህን ብዙ ማኅበር መዋጮ ስለማያመጡ አይነካቸውም። በየበሩ ሄደው የሚያነጋግሯቸው አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ «አክራሪ» የሚባሉት ናቸው። ቃለ ጉባኤ በሥርዓት የሚይዙ፣ ምሽት ተቀምጠው አዋጅ የሚያነቡ፣ ጉርሻ የማይቀበሉም እነሱ ናቸው። ሰውየው ይህን ሁሉ የሚያደርገው በእምነቱ ምክንያት ከሆነ፣ እምነቱን አውልቀህ ጣልና ሥራውን ቀጥል ማለት ከንቱ ነው።

ማኅበር ፖለቲካን ጨርሶ ይሽሽ ማለትም አይቻልም። ከደመወዝ ላይ ግብር የማይቆረጥበት ወለል ለዓመታት 600 ብር ላይ ቆሞ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው ከፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ጋር በተደረገ ድርድር አይደለም፤ ኢሠማኮ የግብር ቅነሳን ለዓመታት ሲጠይቅ ነበር። የዝቅተኛ ደመወዝ ወለልም እንዲሁ ነው። አዋጅ 1156 የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚቋቋም በ2011 ጽፏል። ደንቡን የሚያወጣው መንግሥት፣ የሚያጓትተውም መንግሥት ነው፤ ታዲያ ይህን ጥያቄ ከፖለቲካ ውጭ በየት በኩል ያቀርቡታል? በ2015 ለሜይ ዴይ ታስቦ የነበረው የአዲስ አበባ ሰልፍ ሳይካሄድ መቅረቱም የሚያሳየው ዳቦ የሚጠይቅ ሠራተኛ ከአሠሪው በር አልፎ እንደሚሄድ ነው። ድንበሩ የሚሰመረው ጥያቄው ከአባላቱ ጉባኤ ወጥቷል ወይስ ከፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ተልኳል በሚለው ላይ ነው። ቃለ ጉባኤ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው፤ ሐሳቡ ማን እንዳነሳው፣ ስንት ሰው እንደደገፈው፣ ስንት እንደተቃወመው ይነበብበታል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ አደራጁ የፓርቲ ሥራ አስፈጻሚ አባል ሆኖ ቢመረጥስ? በእኛ ግምት የማኅበር ሊቀመንበርነቱን ቢለቅና ተራ የኮሚቴ አባል ወይም የፈረቃ ተጠሪ ሆኖ ቢቀጥል ይሻላል። ሕግ ስላስገደደው አይደለም። በሁለት ቢላ ይበላል የሚለው ሐሜት ከተነሳ በኋላ የሚያቀርበው የደመወዝ ጥያቄ ሁሉ የፓርቲ ጥያቄ ይመስላል፤ ለጋዜጠኛ የሚሰጠው ቃልም በማኅበሩ ማኅተም ይሁን በፓርቲው የሚለይ የለም። ይህንን በመተዳደሪያ ደንብ አስቀድሞ መጻፍ ይቻላል፤ ስም ሳይጠሩ፣ ለገዢው ፓርቲ አባላትም በእኩል እንዲሠራ አድርገው። ብዙ ማኅበር ደንቡን የሚጽፈው ሰውየው ከመጣ በኋላ ነውና የአንድ ሰው ደንብ ይሆናል፤ የገዢው ፓርቲ የወረዳ ኃላፊ የሆነው ምክትል ሊቀመንበር ደግሞ በዚያው ወንበሩ ይቆያል።

ማውረድ ካስፈለገም የሚያወርደው የመረጠው ጉባኤ ነው። አጀንዳው ደንቡ ባለው ጊዜ ውስጥ አስቀድሞ ይገለጽ፣ ክሱ በጽሑፍ ለሰውየው ይድረሰው፣ መልሱ ይሰማ፣ ድምፁ በካርድ ይቆጠር፣ ውጤቱም ለመዝጋቢው አካል ይገለጽ። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ የተገኘ፣ ቃለ ጉባኤ ቁጥር የሌለው፣ የሰው ሀብት መምሪያው ግርጌው ላይ የፈረመበት «ከኃላፊነት ተነስቷል» የሚል ወረቀት ማኅበሩን አያስርም። እንዲህ ያለ ወረቀት ያየ አባል ፎቶ አንስቶ፣ ቀኑን ጽፎ ለጸሐፊው ይስጠው።

ከሰላምታ ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢዎች